በአሥር ዓመት ውስጥ 13 ዓመት ያረጀው ገበሬ

የዘር ሐረግ ስትፈልጉ፣ በፈረንጆቹ 1841 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ 35 ዓመቱ የተባለ ገበሬ በ1851 መዝገብ 48 ሆኖ ብቅ ቢል፣ «ይሄማ ሌላ ሰው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጣጣው የመጣው ከደንቡ ነው።

በ1841 ለቆጣሪዎቹ የተሰጠው መመሪያ ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ዕድሜ እንዳለ ጻፉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን በአምስት ወደሚካፈለው ቁጥር ዝቅ አድርጉት ይላል። ልብ በሉ፤ ወደሚቀርበው ሳይሆን ወደ ታች ነው። 39 ዓመት የሞላው ሰው ለ40 አንድ ቢቀረውም 35 ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ «35» ስታዩ ከ35 እስከ 39 ብላችሁ አንብቡት። አንዳንዱ ቆጣሪ ደግሞ መመሪያውን ትቶ እውነተኛውን ዕድሜ ጽፏል፤ 37 ወይም 52 የሚል ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ዝምድናም አልተጻፈም። በእርሻ ቤቱ ውስጥ ዕድሜዋ «20» የተባለችው ሴት የገበሬው ልጅ ትሁን እህቱ ወይም የወንድሙ ልጅ፣ መዝገቡ አይናገርም። የ1851ዱ ዝምድናውንም የትውልድ ሰበካውንም ስለሚነግረን እኔ ሁልጊዜ ከእሱ ተነስቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።

በሥራ ዓምዱ ላይ «አግ. ላብ.» (Ag. Lab.፣ አግሪካልቸራል ሌበረር) የሚል ምህጻረ ቃል ካለ፣ በሰው እርሻ ላይ በደመወዝ የሚሠራ ማለት ነው። «ፋርመር» ግን የራሱን ወይም የተከራየውን መሬት የሚያሳርስ ነው። እኛ ሁለቱንም ገበሬ ስለምንል እዚህ ላይ መሳት ቀላል ነው።