ሳትሸነፍ ደረጃዋ ለምን ወረደ? «ነጥብ መከላከል» በሴቶች ቴኒስ

ሐዋሳ ላይ ቴኒስ የምንከታተል ሰዎች በየጊዜው የምንነታረክበት ጥያቄ ነው፦ «ልጅቷ በዚህ ሳምንት አልተጫወተችም፣ ደረጃዋ እንዴት ወረደ?»

ግራ የሚያጋባን የእግር ኳሱን ሰንጠረዥ ስለለመድን ይመስለኛል። ሐዋሳ ከተማ አሸንፎ ያገኘው ሦስት ነጥብ የውድድር ዓመቱ እስኪያልቅ አብሮት ይቆያል። በቴኒስ ግን አንድ ውጤት የሚቆጠረው ለ52 ሳምንት ነው፤ ጊዜው ሲሞላ ከድምሩ ይወጣል። በዚያው ውድድር ዘንድሮ ያገኘችው በቦታው ይገባል። ካልተጫወተች ቦታው ባዶ ነው። «ነጥብ መከላከል» ማለት የሚወጣውን ነጥብ በአዲስ ውጤት ለመተካት መሞከር ነው፤ ማንም አይነጥቃትም።

እንግሊዛዊቷን ተጫዋች ኤማ ራዱካኑን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2021፣ በ18 ዓመቷ፣ ከማጣሪያ ተነስታ ትልቁን የአሜሪካ ውድድር ዩኤስ ኦፕንን ስትወስድ 2,000 ነጥብ ለዋንጫው፣ 40 ደግሞ ለማጣሪያው አገኘች። በ2022 በዚያው ውድድር በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈችና 10 ብቻ ተመዘገበላት። 2,040 ወጣ፣ 10 ገባ። በዓለም ደረጃ ከ11ኛ ወደ 83ኛ ወረደች።

ጀማሪ ላይ ሕጉ የሚከብደው ለዚህ ነው። የሚደመረው የተወሰነ ቁጥር ያለው ምርጥ ውጤት ብቻ ነው። ነባር ተጫዋች ብዙ ውድድር ስላላት፣ አንዱ ሲወጣ ሳይደመር የቆየ ሌላ ውጤት ይተካላታል። ወጣቷ ግን መተኪያ የላትም፤ አንድ ትልቅ ሳምንት ድምሯን ለብቻው ይሸከማል።

የ52 ሳምንቱ ሕግ መሠረት ነው። ስንት ምርጥ ውጤት ይደመራል የሚለው ግን ባለፉት ዓመታት ተቀይሯል፤ የየዙሩ ነጥብም እንደ ውድድሩ ደረጃ ይለያያል። ስለዚህ «ወደቀች» ከማለታችሁ በፊት አምና በዚሁ ሳምንት ስንት ነጥብ እንደነበራት ተመልከቱ።