ፍተሻው እኔ ጋ ያልፋል፣ ሲ አይ ላይ ለምን ይወድቃል?

«እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ይሠራል!» የሚለውን አቤቱታ ጀማሪ ፕሮግራመሮችን ባገዝኩባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ኮዱ ወደ ጋራ ማከማቻው በተላከ ቁጥር ሩቅ ያለ ሰርቨር ተነሥቶ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጡትን ፍተሻዎች በራሱ ያካሂዳል፤ ይህ አሠራር ኮንቲኒውየስ ኢንቴግሬሽን፣ በአጭሩ ሲ አይ ይባላል። ፍተሻው የሚፈልጋቸው የዳታቤዝ አድራሻ፣ የይለፍ ቃል፣ የሰዓት ቀጠናና የመሳሰሉት ከኮዱ ውጭ ተቀምጠው በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሣ ስምና ዋጋ ይዞ በሚሰጠው ቅንብር) በኩል ይደርሱታል። አቤቱታው ሲመረመር ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው። ጎበዝ ወጣቶች ጤነኛ ኮድ ውስጥ ስሕተት ሲፈልጉ ሲውሉ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ ደጋግሜ ያጋጠሙኝን የተሳሳቱ እምነቶች አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«አንድ ጊዜ ኤክስፖርት ካደረግሁት ፓይፕላይኑ ሁሉ ያውቀዋል»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኤክስፖርት ማድረግ ቫሪያብሉ ለሚነሡት ፕሮግራሞች እንዲተላለፍ መሰየም ነው፤ ፓይፕላይን ደግሞ የሲ አይ እርምጃዎች ሰንሰለት ነው። ብዙ ሰው ቫሪያብልን የሚያስበው ሁሉም መጥቶ እንደሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ አድርጎ ነው። እውነታው ከውርስ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ አሠራሩ ያው ነው፦ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲያስነሣ የቫሪያብሎቹን ቅጂ ይሰጠዋል። ልጅ የተሰጠውን ቅጂ እንደፈለገ ቢለውጥ ወላጁ ጋ አይደርስም፤ ለወንድሞቹም አይተርፍም።

ይህን የያዘ ሰው የሲ አይን ግማሽ እንቆቅልሽ ይፈታል። ጊትሃብ አክሽንስ በተባለው የሲ አይ አገልግሎት ትእዛዝ የሚያስኬድ እያንዳንዱ እርምጃ የራሱን ሼል (ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽም ፕሮግራም) ይከፍታል። በመጀመሪያው እርምጃ የተደረገ ኤክስፖርት ሼሉ ሲዘጋ አብሮት ይጠፋል፤ ሁለተኛው እርምጃ ባዶ እጁን ይነሣል። ዋጋው እንዲሻገር ከተፈለገ ስሙንና ዋጋውን ጊትሃብ ኢኤንቪ የተባለው ቫሪያብል በሚጠቁመው ፋይል ላይ መጨመር ያስፈልጋል። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ እዚያ ፋይል ላይ የተጻፈው ከቀጣዩ እርምጃ ጀምሮ እንጂ በጻፈው እርምጃ ውስጥ አይታይም። ወዲያው አትሞ ባዶ መሆኑን ያየ ሰው «አልተጻፈም» ብሎ ይደመድምና ሌላ መንገድ ፍለጋ ይወጣል።

ዋጋው አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። በማዋቀሪያው ፋይል ለጠቅላላው ሂደት፣ ለአንድ ሥራ ወይም ለአንድ እርምጃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሦስቱም ቦታ ከተጻፈ ለእርምጃው የቀረበው ያሸንፋል። ሥራዎቹ ግን በተለያዩ ማሽኖች ላይ ስለሚካሄዱ በአንዱ የተጻፈው ፋይል ለሌላው አይደርስም።

ጊትላብ በተባለው ሌላ የሲ አይ አገልግሎት ነገሩ ትንሽ ይለያል። የዝግጅቱ ክፍልና ዋናው ክፍል በአንድ ሼል አብረው ስለሚሄዱ በመጀመሪያው የተሰየመ ቫሪያብል በሁለተኛው ይገኛል። ከሥራው በኋላ የሚመጣው የማጽጃ ክፍል ግን አዲስ ሼል ነው። የፍተሻ ዳታቤዙን ስም ከቫሪያብል አንብቦ የሚሰርዝ ማጽጃ እዚህ ላይ ስሙን ያጣል፤ ያልተሰረዙት ዳታቤዞችም ይከማቻሉ። ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በታጠረ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደው ዶከርም ከዚሁ ሕግ አይወጣም፦ በሰርቨሩ ላይ ያለ ቫሪያብል በግልጽ ካልተላለፈለት ኮንቴይነሩ አያየውም። ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ሱዱም በተለመደው ቅንብሩ አብዛኛውን ቫሪያብል ጥሎ ያልፋል።

«ፎልስ ብዬ ስለጻፍኩ ጠፍቷል»

አንድን ቅንብር ለማጥፋት ዋጋውን «ፎልስ» (ሐሰት) ብሎ የጻፈ ሰው አባባል ነው፤ አልጠፋም። ቫሪያብል ጽሑፍ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቁጥርም፣ እውነትና ሐሰትም አያውቅም። በፓይተንም ሆነ በጃቫስክሪፕት ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እንደ እውነት ስለሚቆጠር «ፎልስ» የሚለው ቃል ራሱ እውነት ሆኖ ያርፋል። ዋጋውን ከተጠበቀው ቃል ጋር ማነጻጸር ነው መፍትሔው። በያምል (የሲ አይ ማዋቀሪያ በሚጻፍበት ቅርጽ) ፋይል ላይ ደግሞ የፓይተን እትም 3.10 ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከተጻፈ እንደ ቁጥር ተነቦ 3.1 ይሆናል፤ ሁለት ጭረት የጥቅስ ምልክት ይበቃዋል።

«ሰዓትና ቋንቋ የፍተሻ ጉዳይ አይደሉም»

ለእኛ ከማንም በላይ ጉዳይ ናቸው። የጊትሃብ ማሽኖች ሰዓታቸው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ አዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው። «የዛሬ ሽያጭ» የሚል ሪፖርት የሚፈትሽ ኮድ ቀኑን ሙሉ ሲያልፍ ቆይቶ ሌሊት ሲሠራ የመጣ ልጅ ላይ ብቻ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ልጁ በራሱ ለውጥ አሳብቦ ሊሰርዘው ነበር። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጥ ፕሮግራም ከሆነማ መስከረም 1 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተካሄደ ፍተሻ ዓመቱን አሳስቶ ጳጉሜን ውስጥ ይገኛል።

ቲዜድ የተባለውን ቫሪያብል የአፍሪካ፣ አዲስ አበባ ቀጠና ብሎ መሰየም ይረዳል። ነገር ግን አልፓይን በተባለው ትንሽ የሊኑክስ ምስል (ኮንቴይነር የሚነሣበት ዝግጁ ጥቅል) ላይ የሰዓት ቀጠናዎች መረጃ አስቀድሞ አልተጫነም። ቲዜድ ትክክል ተጽፎም ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳይናገር በዩቲሲ ይቀጥላል፤ መረጃው ለብቻው መጫን አለበት። እኔ የምመርጠው ፍተሻውን በሁለቱም ቀጠናዎች ማስኬድ ነው፤ በአንዱ ብቻ የሚያልፍ የቀን ስሌት ተጠቃሚው ጋ ሲደርስም አይታመንም።

የፊደላችን ነገርም አለ። ብዙ የዶከር ምስሎች ላንግ የሚባለው የቋንቋ ቫሪያብል ሳይሰየምላቸው ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ከጃቫ 18 በፊት ያሉት እትሞች በፋይል ላይ ሲጽፉ የፊደል አቀማመጡን፣ ማለትም ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ የሚወከሉበትን ስልት፣ ከዚህ ቅንብር ይወስዱ ነበር፤ ቅንብሩ ከሌለ «ሰላም» ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የፕሮግራመሩ ኮምፒውተር አቀማመጥ የእኛንም ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ 8 ስለሆነ እርሱ ጋ ይህ አይታይም። የአማርኛ ጽሑፍ የሚፈትሽ ሁሉ ይህን ቫሪያብል በማዋቀሪያው ላይ በግልጽ ይሰይም፤ ኮዱም አቀማመጡን ራሱ ይጥቀስ።

«ሚስጥሩ በኮከብ ስለተሸፈነ ደኅና ነው»

ሲ አይ ሚስጥር ተብሎ የተመዘገበን ዋጋ በሎጉ (በሂደቱ መዝገብ) ላይ ሲያገኘው በኮከብ ምልክት ይተካዋል። ይህ በስሕተት ከማተም የሚያድን መልካም ነገር ነው፤ ሌባ ግን አያቆምም። ሽፋኑ በዋናነት የሚያውቀው ያንኑ ጽሑፍ በቁሙ ነው፤ መረጃን በሌሎች ፊደላት መልሶ በሚጽፈው ቤዝ 64 ሁለት ጊዜ ከተለወጠ ወይም በየፊደሉ ክፍተት ከገባበት ሳያውቀው ያልፋል። ከዚህም በላይ ቫሪያብሉ በተሰጠው እርምጃ ውስጥ የሚነሣ ማንኛውም ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት የወረደው የፍተሻ መሣሪያ ጭምር፣ ሳይጠይቅ ያነበዋል።

ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮድኮቭ ኩባንያ ፍተሻዎች ከኮዱ ምን ያህሉን እንደነኩ የሚገልጽ ሪፖርት መላኪያ ስክሪፕት በሰርጎ ገቦች ተለውጦ ከጃንዋሪ 31 ጀምሮ ኤፕሪል 1 እስኪደረስበት ድረስ የደንበኞችን የሲ አይ ቫሪያብሎች ወደ ውጭ ሰርቨር ሲልክ ቆየ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ደግሞ ቲጄ አክሽንስ በተባለው ስብስብ ውስጥ ያለው የተለወጡ ፋይሎችን የሚለይ መሣሪያ ተጠለፈና የተጠቃሚዎቹን ሚስጥር በሎጋቸው ላይ አተመ፤ ሁለት ጊዜ በቤዝ 64 ተጠቅልሎ ስለወጣ የኮከቡ ሽፋን አልያዘውም።

ስለዚህ ሚስጥር ለሚያስፈልገው እርምጃ ብቻ ይሰጥ፤ ለጠቅላላው ሂደት መበተን ገመናን ለአላፊ አግዳሚው መንገር ነው። ለፍተሻ የሚሰጠው ቁልፍ የፍተሻ ብቻ ይሁን፣ የእውነተኛው አገልግሎት ቁልፍ እዚያ ምንም ሥራ የለውም። ከውጭ የሚመጡ መሣሪያዎችም ሊለወጥ በሚችል የእትም ስም ሳይሆን በኮሚቱ (በተመዘገበው የኮድ ለውጥ) ሙሉ መለያ ይታሰሩ። የሚስጥር ፋይልን በስሕተት የኮዱን ታሪክ ወደሚይዘው ጊት የላከ ሰውም ፋይሉን ሰርዞ አይተኛ፤ በታሪኩ ውስጥ አለ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ቁልፉ ራሱ ይለወጥ።

«ሚስጥሩ ባዶ የመጣው ሲ አይው ስለተበላሸ ነው»

በጊትሃብ ላይ ከሌላ ሰው ፎርክ (የማከማቻው ቅጂ) የሚመጣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤ ይቀላቀል የሚል ጥያቄ) ሚስጥሮቹን አያገኝም፤ በምትኩ ባዶ ጽሑፍ ይቀርብለታል። በጊትላብም ጥበቃ የተደረገበት ቫሪያብል ጥበቃ ለተደረገበት የኮድ ቅርንጫፍ ወይም የእትም መለያ (ታግ) ብቻ ነው የሚታየው። ሁለቱም ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ነው፤ የማይታወቅ ሰው ኮድ ቁልፋችንን ይዞ እንዳይሄድ። ይህን «ለመጠገን» የማያውቁትን ሰው ኮድ ሚስጥር በያዘ ሂደት ውስጥ የሚያስኬዱ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ቁልፍ የሚፈልጉትን ፍተሻዎች ለይቶ መዝለልና መዘለላቸውን በግልጽ ማሳየት ይሻላል።

«መጠባበቂያ ዋጋ መስጠት ጥንቃቄ ነው»

ቫሪያብሉ ካልተገኘ ይህን ተጠቀም የሚል ኮድ አሳቢ ይመስላል። አብሬው የሠራሁት አንድ ቡድን የዳታቤዙን አድራሻ እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ መጠባበቂያው ሁሉም ሠራተኛ የሚጋራው ዳታቤዝ ነበር። በማዋቀሪያው ላይ የቫሪያብሉ ስም በአንድ ፊደል ተሳሳተ። ፍተሻው ሁሉ አለፈ፣ አረንጓዴው ምልክት በራ፤ እያንዳንዱ ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ሠንጠረዦችን የሚያጸዳ ስለነበር የሰው ሁሉ የሳምንት ሥራ ተጠረገ። ያን ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የነበረውን የቢሮውን ዝምታ አልረሳውም።

መጠባበቂያውን አውጥተን ጣልነው። አሁን ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያስፈልጉትን ስሞች ይቆጥራል፤ የጎደለ ካለ የጎደሉትን ስሞች ሁሉ፣ ዋጋቸውን ሳይሆን ስማቸውን፣ በአንድ መስመር ጽፎ ይቆማል። የዳታቤዙ ስም «ቴስት» በሚል ቃል ካላለቀም ማጽጃው አይሠራም። ሁለቱም ተደምረው ከ20 መስመር ያልበለጠ ኮድ ናቸው።