የመኪና ጭስ ቦሎቄን ይመግባል ወይስ ያስርባል?

ከጅማ በሚወጣው አስፋልት ዳር ቦሎቄ ለዘራ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ጭስ ውስጥ ናይትሮጅን ካለ ሰብሉን አይመግበውም ወይ?

በትንሹ ይመግበዋል። የአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሰብል እንዳለ አይጠቀምበትም። ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ግን በቅጠሉ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ቅጠሉም ጥቂቱን ምግብ ያደርገዋል። ዩሪያን ግን አይተካም።

ጣጣው ወዲህ ነው። ይኸው ጋዝ ፀሐይ ሲያገኘውና ከሌሎች በካዮች ጋር ሲገናኝ ኦዞን ይፈጠራል። ሰማይ ላይ ከጨረር የሚከልለን ኦዞን፣ ምድር ላይ የቅጠል ጠላት ነው። ቅጠሉ ያለጊዜው ያረጃል፤ የሚሠራው ስኳርም ያንሳል።

ቦሎቄ ላይ ይብሳል። ተክሉን ቀስ ብላችሁ ንቀሉና ሥሩን እዩት። ትንንሽ እባጮች አሉ። አንዱን ሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እያዘጋጁለት ነው። ደሞዛቸው ከቅጠል የሚወርደው ስኳር ነው። እሱ ሲቀንስ ሥራቸውም ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ እባካችሁ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ብላችሁ ዩሪያ ለመበተን አትቸኩሉ። ዩሪያ ሲበዛ እባጮቹ ጭራሽ ሥራ ይፈታሉ። መጀመሪያ ሥሩን እዩ፤ ቀጥሎ በቅጠሉ የላይኛው ገጽ፣ በደም ሥሮቹ መካከል፣ ቡናማ ነጠብጣብ መኖሩን። ኦዞን የሚተወው ምልክት እሱ ነው።