ፉርጎ ገፊው፦ የናፍጣ ሻንተር ሎኮሞቲቭ ከኮምቦልቻ ሲታይ

ወሎ ውስጥ «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ወፍጮ ቤቱ ነው። እህል ይገባል፣ የናፍጣው ሞተር ዱብ ዱብ ይላል፣ ዱቄት ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሌላኛውም ባቡር አለ። ቢያንስ ሀዲዱ አለ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ግንባታውን የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ መስመሩም ጉዳት አገኘው።

የሀዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ ባቡር 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለዚህ የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች እዚህ አይሄዱም። አዲሱ መስመር የታቀደው በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ነው፤ ሽቦው ከሀዲዱ በላይ ይዘረጋል።

ታዲያ ኤሌክትሪክ ከሆነ ናፍጣ ምን ይሠራል? መልሱ ያለው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ኮንቴይነር የሚነሳው በክሬን፣ ከላይ ነው። እዚያ ላይ የከፍተኛ ኃይል ሽቦ መዘርጋት አደጋ ነው። ወደ ደረቅ ወደብ፣ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ጥገና ጋራዥ የሚገባ ቅርንጫፍ ሀዲድ ሁሉ ሽቦ ይኑረው ማለትም ወጪው አይቀመስም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቆመውን ባቡር ጎትቶ የሚያወጣ ያስፈልጋል። ሻንተር የሚባለው ሎኮሞቲቭ ለዚህ ነው የተሠራው። ረጅም መንገድ አይሄድም። ፉርጎ ይለያል፣ ይቀጥላል፣ ይገፋል፣ ይጎትታል።

ኮምቦልቻ የሹፌር ከተማ ናት። የባቲና የሚሌ መንገድ የሚነሳው ከዚህ ነው። ስለ ማንኛውም ሞተር ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» የሚል ነው። ለሻንተር ግን ጥያቄው ይስታል። መጠየቅ ያለበት ክብደቱ ነው።

የእንግሊዞቹን ክላስ 08 እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1962 ድረስ 996 ተሠርተዋል። የሞተሩ ጉልበት 350 ፈረስ ብቻ ነው። እዚህ አስፋልት ላይ የምናየው ሲኖትራክ 371 ወይም 380 አለው! ግን ክላስ 08 ክብደቱ 50 ቶን ያህል ነው፣ ሲነሳም በ16 ቶን ጉልበት ይስባል። ፍጥነቱ እንደ ዓይነቱ በሰዓት 24 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉ ሕይወቱን አንደኛ ማርሽ ላይ የሚኖር መኪና አስቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር የሚይዘው በክብደቱ ልክ ነው። ደረቅ ሀዲድ ላይ ከክብደቱ ሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን ወደ መሳቢያ ጉልበት መቀየር ይቻላል። 80 ቶን የሚመዝን ሻንተር ወደ 24 ቶን ይስባል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሞተሩ ምንም ቢጠነክር ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ሜዳ ላይ የሚንከባለል ፉርጎ ለአንድ ቶን 2 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃዋል፤ ከቆመበት ሲነሳ ግን 5 ኪሎ እንበል። 1,000 ቶን ፉርጎ ለማስነሳት 5 ቶን ጉልበት። ቀላል ነው።

ዳገት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በቶን አንድ ኪሎ ይጨመራል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ አድርጎ ደሴ የሚወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ደግሞ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። በ1,000 ሜትር 24 ሜትር መሆኑ ነው። ያን 80 ቶን ሻንተር ከ1,000 ቶን ፉርጎ ጋር እዚያ ላይ ብናስቀምጠው ለዳገቱ ብቻ 26 ቶን ያህል ይፈልጋል። ያለው 24 ነው። ሐረጎን አይወጣም። የጣቢያ ግቢ እንደ ጠረጴዛ የሚደለደለውም ለዚሁ ነው፤ ፉርጎውም በራሱ እንዳይንሸራተት።

ትልልቆችም አሉ። ፕራግ የተሠራው ቼ-ኤም-ኤ-3 1,350 ፈረስ ጉልበትና 123 ቶን ክብደት አለው፣ በስድስት አክሰል ይቆማል። ከ7,000 በላይ ተመርቷል፣ አብዛኛው ለሶቭየት ኅብረት። ሌላው የጀርመኑ ፋው 60 ነው፣ 650 ፈረስ ጉልበት። እሱ ሁለት ዓይነት ማርሽ አለው፦ ለግቢ ሥራ እስከ 30፣ ለመንገድ እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ጉልበቱ ከሞተር ወደ ጎማ የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው። ትንንሾቹ እንደ መኪና ካምቢዮ አላቸው። ፋው 60 ጉልበቱን በዘይት ፍሰት ያስተላልፋል። ክላስ 08ና ቼ-ኤም-ኤ-3 ግን ሞተራቸው ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ይመግባል። ፍሪሲዮን የሚባል የለም። ቀኑን ሙሉ መቆም መነሳት ለሆነ ሥራ ለእኔ ይኼኛው ይሻላል።

የእኛ አገር ጣጣ ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። ቱርቦ ያለው ብዙውን ያካክሳል። ስስ አየር ሞተርንም በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ራዲያተሩ ሰፋ ማለት አለበት። ክብደቱ ግን በከፍታ አይቀንስም። ሻንተሩ ያንኑ ይስባል፣ በዝግታ ነው እንጂ።

የቀረው ትንንሽ ነገር ነው፣ ግን ሥራውን የሚይዘው እሱ ነው። ከጎማው ፊት አሸዋ የሚረጭ ሳጥን አለ፤ ዝናብ ሀዲዱን ሲያርስ እንዳያንሸራትት። የአየር ፍሬኑ ለተቀጠሉት ፉርጎዎችም ስለሚደርስ ኮምፕረሰሩ ትልቅ ነው። ኩርባው ጠባብ ስለሆነ ሎኮሞቲቩ አጠር ይላል። ግዙፉ ቼ-ኤም-ኤ-3 እንኳ 80 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ያልፋል። የሹፌሩ ክፍል መስኮት በሁለቱም በኩል ነው፣ ምክንያቱም መሬት ላይ የሚቆመውን ሠራተኛ ማየት ግድ ነው። ፉርጎ ሲቀጠል ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። ሠራተኛው በእጁ ወይም በሬዲዮ ይመራል፣ ልክ የእኛ ረዳት ከተሳቢው ኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» እንደሚለው።