ጂቫንጂ፦ መናፈሻውን እናውቀዋለን፣ ሰውየውንስ?

ናይሮቢ መሃል ከተማ ጂቫንጂ ጋርደንስ የሚባል መናፈሻ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰባኪው ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል፣ የቢሮ ሠራተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብሎ ይሰማዋል። ናይሮቢ የኖረ ሐበሻም ሳያልፍበት አይቀርም። ስለ ባለ ስሙ፣ ስለ ህንዳዊው ነጋዴ አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

«በባቡር ሐዲድ ቀን ሠራተኛነት መጥቶ ነው የከበረው።»
ኧረ አይደለም። በ1856 ያኔ የህንድ ክፍል በነበረችው ካራቺ ተወለደ፤ አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ነግዷል። ከሞምባሳ ተነስቶ ኬንያን የሚያቋርጠው የኡጋንዳ ባቡር ሥራ በ1896 ሲጀመር እሱ ሠራተኛ አስመጪና ስንቅ አቅራቢ ነበር። እግረ መንገዴን፣ የኬንያ ህንዶች ሁሉ የሐዲድ ሠራተኞች ዘር ናቸው የሚባለውም ስህተት ነው። ከህንድ ከመጡት 32,000 ያህል ሠራተኞች 2,500 ገደማ ሞቱ። አገሩ የቀሩት 7,000 አይሞሉም። ባለ ሱቁ ህንድ በአብዛኛው በራሱ ገንዘብ መርከብ ተሳፍሮ የመጣ ነጋዴ ነው።

«የኬንያው ስታንዳርድ ጋዜጣ የእንግሊዞች ሥራ ነው።»
በ1902 ሞምባሳ ላይ ያቋቋመው ጂቫንጂ ነው፤ ያኔ ስሙ «አፍሪካን ስታንዳርድ» ነበር። እንግሊዞቹ በ1905 ገዙት።

«ለጥቁሮች የታገለ ሰው ነበር።»
አድናቂዎቹ ፈጠን ብለው የሚያልፉት እዚህ ጋ ነው። በ1909 የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሾመ፤ ነጭ ያልሆነ አባል እሱ ብቻ ነበር። የተከራከረው ለህንዶች ነው። ለሙ ደጋ መሬት ለነጭ ብቻ መሰጠቱ አንገብግቦታል። በ1910 ለንደን ሄዶ ለጋዜጣ የተናገረው ደግሞ ጉድ ነው፦ ምሥራቅ አፍሪካ ከህንድ ጋር ይቀላቀል አለ! ባለ አገሮቹን፣ ኪኩዩውን ወይም ማሳዩን፣ የጠየቀ የለም። ደፋር ነበር፣ እውነት ነው። ድፍረቱ ግን ለወገኖቹ ነበር።

«የንግሥት ቪክቶሪያን ሐውልት ያቆመ የነጭ አሽከር ነው።»
ሐውልቱን በ1906 መናፈሻው ውስጥ አቁሟል፣ አይካድም። ግን ቪክቶሪያ በ1858 ባወጣችው አዋጅ የህንድ ተገዢዎቿን ከሌሎቹ ለይታ እንደማታይ ቃል ገብታ ነበር። ህንዶቹ የሚሟገቱትም ያንኑ ቃል ይዘው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሐውልቱ እጅ መንሻ ብቻ ሳይሆን የዕዳ ማስታወሻም ነበር። በ2015 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ገልብጠው ሰበሩት።

«መናፈሻው የመንግሥት ችሮታ ነው።»
ለሕዝብ የሰጠው ራሱ ጂቫንጂ ነው። በ1936 ሲሞት ከዚያ ሁሉ ሀብት አብዛኛው አልቆ ነበር። በ1991 ቦታው ላይ ፎቅና የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ ሲታሰብ ሴት ልጁ «የአባቴ ስጦታ አይነካም» ብላ ተነሳች፤ ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይም ከጎኗ ቆመች። ዕቅዱ ቀረ።