ስለ ካኪራ ስኳር እና ስለ ማድቫኒ ቤተሰብ የሚወራው፣ እና እውነታው

ካምፓላ ውስጥ ካባላጋላ የምትባል ሰፈር አለች። የኛ ሰው ይበዛባታል፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ ወሬው ሁሉም አለ። ቡና ተቀድቶ ስኳር ሲመጣ አንዱ ፓኬቱን ያነሳና «ካኪራ» ብሎ ያነባል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የህንዶቹ ነው፤ ካኪራ የማድቫኒ ቤተሰብ ፋብሪካ ነዋ። አንዱ «ኢዲ አሚን አባረራቸው፣ ሙሴቬኒ መልሶ ሰጣቸው» ይላል። ሌላው «ድሮም ብሩን አሽሽተው ነበር» ይላል። «ህንድ እኮ ንግድ ደሙ ውስጥ ነው» ብሎ የሚዘጋም አይጠፋም።

እኔም እንደዚሁ ሳወራ ከርሜያለሁ። ረጋ ብዬ ሳየው ግን አብዛኛው ወሬ ወይ ተገልብጧል ወይ ግማሹ ቀርቷል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ የሀገር ቤቱን ስጠቅስ እናገራለሁ።

«የባቡር ሐዲድ ሊሰሩ መጥተው የቀሩ ናቸው»

ይሄ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ከሞምባሳ የተነሳው ሐዲድ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የደረሰው በ1901 ነው። ለሥራው ከህንድ ከመጡት ወደ 32,000 ሰዎች አብዛኛው ሲያልቅ ተመልሶ ሄዷል። የቤተሰቡ መሥራች ሙልጂባይ ማድቫኒ ኡጋንዳ የገባው በ1908 ነው፣ የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከጉጃራት፣ ዘመድ ሱቅ ውስጥ ሊሠራ። አካፋ አልያዘም። ጨው፣ ጨርቅና ጥጥ በሚሸጥበትና በሚገዛበት ዓለም ነው ያደገው። በ1918 ጂንጃ አጠገብ ካኪራ ላይ 800 ኤከር መሬት ገዛ፣ 320 ሄክታር አካባቢ መሆኑ ነው። ስኳር ፋብሪካው የተከፈተው በ1930 ነው። መሬት ከተገዛ እስከ መጀመሪያው ስኳር 12 ዓመት። «ደሙ ውስጥ ነው» የሚለው ሰውዬ ይችን 12 ዓመት ይዘላታል።

«እስከ አሚን ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር»

አልነበረም። እኔን በጣም የገረመኝ ክፍል ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኡጋንዳ ነፃ የወጣችው በ1962 ነው። እስያውያኑ፣ ማለትም ከህንድ አካባቢ የመጡት፣ ዜግነት እንዲመርጡ ሁለት ዓመት ተሰጣቸው። ገሚሱ የኡጋንዳን ወሰደ፣ ገሚሱ የእንግሊዝ ፓስፖርቱን ያዘ፣ ገሚሱ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ ሲጠብቅ ቀረ። ከዚያ የንግድ ፈቃድ ሕጉ እየጠበቀ መጣ። ዜጋ ያልሆነ ነጋዴ እዚህ ከተማ አይሸጥም፣ ይሄን ዕቃ አይነግድም ይባል ጀመር። በሜይ 1 ቀን 1970 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦቦቴ ናኪቩቦ ስታዲየም ላይ ቆሞ ከ80 በላይ በሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎች መንግሥት 60 በመቶ ድርሻ ይወስዳል ብሎ አወጀ። ወታደር በር አልሰበረም፣ ማንም በሌሊት አልተወሰደም፣ በጠራራ ፀሐይ በንግግር ብቻ ባለቤትነቱ ከግማሽ በታች ወረደ።

ስለዚህ በጃንዋሪ 1971 አሚን ኦቦቴን ሲገለብጥ ደስ ያላቸው ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ። እንደውም አሚን በመጀመሪያዎቹ ወራት የመንግሥትን ድርሻ በአብዛኛዎቹ ኩባንያዎች ወደ 49 በመቶ ዝቅ አድርጎላቸዋል። ዛሬ ሰው አያምንም፤ አሚን ለጥቂት ጊዜ የነጋዴው ወዳጅ መስሎ ነበር። በዚያው በ1971 ደግሞ የሙልጂባይ ትልቁ ልጅ ጃያንት፣ አባቱ በ1958 ከሞተ በኋላ ድርጅቱን የመራው፣ በድንገት አረፈ። ቤተሰቡ መሪውን በቀየረ በዓመቱ የሀገሪቱም ነገር ዞረ።

በኦገስት 4 ቀን 1972 አሚን ቶሮሮ ካምፕ ውስጥ ለወታደሮች ሲናገር እስያውያን ይውጡ አለ። በህልሜ ታዘዝኩ ብሎም ተናግሯል። የጊዜ ገደቡ 90 ቀን።

«አሚን ንብረቱን ለድሃው አከፋፈለ»

ንግግሩ ላይ አዎ። «የኢኮኖሚ ጦርነት» ነበር ያለው፣ ጥቁሩ ኡጋንዳዊ የገዛ ንግዱ ባለቤት ይሆናል ተብሎ። 5,655 ያህል ድርጅቶች፣ እርሻዎችና የከብት ርባታዎች ለአዳዲስ ሰዎች እንደተሰጡ ይጠቀሳል። የተቀበሉት ግን በብዛት የጦር መኮንኖችና የባለሥልጣን ወዳጆች ናቸው። ካምፓላ ውስጥ እስከዛሬ የሚነገር ቀልድ አለ። ወታደሩ የልብስ ሱቅ ተሰጠው፣ ገዢ መጣና «ሸሚዙ ስንት ነው?» አለው፣ እሱም ኮሌታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ «15 ሽልንግ» ብሎ ሸጠለት። ቀልዱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ዕቃው ካለቀ በኋላ አዲስ ዕቃ የሚያመጣ ሰው አለመኖሩ እውነት ነው።

ካኪራ ለአንድ ወታደር አልተሰጠም፣ መንግሥት ነው የያዘው። ግን ስኳር ፋብሪካ እንደ ሱቅ አይደለም። አገዳው በወቅቱ ካልተቆረጠ ስኳሩ ይወርዳል፣ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ቶሎ ካልተጨመቀ ይበላሻል። መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ትራክተር ሲቆም፣ ባለሙያው ሲሄድ ምርቱ በየዓመቱ እየወረደ ሄደ። ስኳር ወደ ውጭ ትልክ የነበረችው ሀገር ስኳር በወረፋና በጥቁር ገበያ የምትፈልግ ሆነች። ጥቁር ገበያውን «ማጌንዶ» ይሉታል። በደርግ ዘመን ቀበሌ ሱቅ የተሰለፈ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ብራቸውን ይዘው ነው የወጡት»

እዚህ ላይ ወሬው ግማሽ እውነት አለው፣ ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል።

አብዛኛው ሰው፣ ማለትም ባለ ትንሽ ሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ይዞ እንዲወጣ የተፈቀደለት 50 ፓውንድ አካባቢ ነበር። ኤርፖርት መንገድ ላይ ኬላ ነበር፣ ኬላው ላይ ደግሞ ሰዓትና የእጅ አምባር የሚወስድ ወታደር። ወደ 28,000 የሚሆኑት እንግሊዝ ገቡ፣ ብዙዎቹም የድሮ ጦር ካምፕ ውስጥ ነበር የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት።

ማድቫኒዎች ግን ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥም ሥራ ነበራቸው። ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፣ ይሄ አይካድም። ግን ደግሞ ሻንጣ ሞልተው በሰላም የተሸኙም አይደሉም። ከወንድማማቾቹ አንዱ ማኑባይ ማኪንዴ የሚባለው የወታደር እስር ቤት ለሳምንታት ታስሯል። በዚያ ዘመን ማኪንዴ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አይወጣም ነበር። እሱ ወጣ፣ ከሀገርም ወጣ፣ ካኪራ ግን እዚያው ቀረች። ፋብሪካን ማንም በሻንጣ አያሸሽም።

«ሙሴቬኒ መጥቶ በነፃ መለሰላቸው»

አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስህተት።

መጀመሪያ ጊዜው። የተወረሰ ንብረት በማመልከቻ እንዲመለስ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1982 ነው፣ በሁለተኛው የኦቦቴ መንግሥት። አዎ፣ ያው የናኪቩቦው ኦቦቴ። በ1970 ድርሻቸውን የወሰደው ሰውዬ በ1980ዎቹ ኑ ተመለሱ አላቸው። ቤተሰቡ ወደ ካኪራ የተመለሰው በ1985 ነው፣ የሙሴቬኒ ጦር ካምፓላ የገባው በጃንዋሪ 1986። ድርጅቱ ራሱ እንደ አዲስ ሲቋቋም «ካኪራ ስኳር ወርክስ (1985)» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ዓመቱ ስሙ ላይ አለ፣ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ሙሴቬኒ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። በ1990ዎቹ ሌሎቹ እስያውያን እንዲመለሱና ቤትና ሱቃቸውን እንዲረከቡ በሩን በሰፊው የከፈተው እሱ ነው። ካኪራ ግን ቀድማዋለች።

ሁለተኛ «በነፃ» የሚለው። የተመለሰላቸው ምን እንደነበር አስቡት። ማሽኑ ዝጓል፣ ፋብሪካው ቆሟል፣ እርሻው ጫካ ሆኗል። መንግሥት ደግሞ ወዲያው ለቆ አልወጣም፣ ለዓመታት ባለድርሻ ሆኖ ቆይቷል። ማደሻው የመጣው በብድር ነው። አገዳ ደግሞ ከተተከለ በኋላ ለመድረስ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይፈልጋል፣ ወለዱ ግን አገዳው እስኪያድግ አይጠብቅም። መጀመሪያ ለዘር የሚሆን አገዳ ታበዛለህ፣ ከዚያ ለፋብሪካ የሚሆን ትተክላለህ፣ በመሃሉ መንግሥት ይቀየራል። እነሱ ሥራውን በጀመሩበት ዓመት ብቻ ኦቦቴ ወደቀ፣ ኦኬሎ መጣ፣ ጥቂት ወር ቆይቶ እሱም ወደቀ።

በነገራችን ላይ የኛን ወንጂ ያሰበ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ወንጂን ያቋቋመው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ በ1967 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ተወረሰበት፣ ባለቤት ሆኖም አልተመለሰም። ኤች ቪ ኤ ባለአክሲዮኖች ያሉት ኩባንያ ነው፤ ሂሳቡን ዘግቶ ሌላ ሀገር ይሄዳል። ቤተሰብ ግን ስሙ አንድ ቦታ ከተተከለ 13 ዓመት ቆይቶም ተመልሶ በሩን ያንኳኳል። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ግን ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

«ብዙ ዓይነት ሥራ የጀመሩት ከተመለሱ በኋላ ነው»

ተቃራኒው ነው። ከ1972 በፊትም ቢራ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ዘይት ነበራቸው። ናይል ቢራ የነሱ ነበር። ስኳር ዋጋው ሲወድቅ ብረት ያግዛል፣ ብረት ሲቆም ቢራ አለ። በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነው። ችግሩ ግን ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ አንድ ሀገር ውስጥ፣ እንደውም ጂንጃ ዙሪያ ነበሩ። አዋጁ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቀን ሄዱ። ለገበያ ችግር ሥራ ማብዛት ይበቃል፣ ለአዋጅ ግን አይበቃም። ሰዎች «ዳይቨርሲፋይ አድርግ» ሲሉኝ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይሄን ነው፦ በዕቃ ነው ወይስ በቦታ?

ከተመለሱ በኋላ ያደረጉት ለየት ይላል። ቢራውን ለደቡብ አፍሪካው ኩባንያ ሸጡት። ሆቴል ገቡ። ምዌያ፣ ፓራና ቾቤ የሚባሉት የኡጋንዳ ፓርክ ሎጆች የነሱ ናቸው፣ ሩዋንዳና ኬንያም ተሻግረዋል። እኔ ግን ከሎጁ ይልቅ የምወደው ካኪራ ውስጥ ያደረጉትን ነው። አገዳው ተጨምቆ የሚተርፈውን ገለባ ያቃጥሉታል፣ በእንፋሎቱ መብራት ያመነጫሉ። ጣቢያው 52 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 32ቱን ለሀገሪቱ ኤሌክትሪክ መረብ ይሸጡታል። ሞላሰሱን ደግሞ ኤታኖል ያደርጉታል። አገዳውንም ሁሉ ራሳቸው አይተክሉም፤ በዙሪያው ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች እያለሙ ይሸጡላቸዋል። ከካምፓላ ወደ ኬንያ ድንበር የሄደ ሰው ጂንጃን አልፎ እነዚያን አገዳ እስከ አፋቸው የጫኑ ተጎታቾች ያውቃቸዋል፤ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ከኋላቸው ልጆች እየሮጡ አንድ አንድ ዘንግ ይመዛሉ።

«ማቢራን ሊጨፈጭፉ የነበሩት እነሱ ናቸው»

አይደሉም፣ ግን ቶሎ አትፍረዱላቸው። በ2007 የማቢራ ደን ከፊሉ ለሸንኮራ ይሰጥ ሲባል ካምፓላ ላይ ሰው የሞተበት ረብሻ ተነሳ። መሬቱን የፈለገው የሉጋዚው ፋብሪካ ነው፣ እሱም የመህታ ቤተሰብ ነው። ሌላ ህንድ፣ ሌላ ስኳር። ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።

የማድቫኒዎቹ ጣጣ ያለው ሰሜን ነው፣ አሙሩ ላይ። እዚያ ለአዲስ ስኳር እርሻ ወደ 40,000 ሄክታር ጠየቁ። መሬቱ የአቾሊዎች ነው። አቾሊዎች ደግሞ ኤል አር ኤ ከሚባለው አማፂ ቡድን ጦርነት የተነሳ ዓመታትን መጠለያ ካምፕ ውስጥ አሳልፈው ገና ወደ ቀያቸው መመለሳቸው ነበር። በ2012 እናቶች ልብሳቸውን አውልቀው ባለሥልጣናቱ ፊት ቆሙ፤ በእነሱ ባህል ከዚህ በላይ እርግማን የለም። አንዴ ከመሬቱ የተነቀለ ቤተሰብ ከመሬቱ ተነቅሎ የተመለሰውን ሰው መሬት ሲጠይቅ ምን እንደሚሰማው አላውቅም። ካባላጋላ ቡና ላይ ይሄን የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።