ግሬት ፎልስ፦ ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል

ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ሐበሾች ግሬት ፎልስ የተባለው የፏፏቴ መናፈሻ ቅርባችን ነው። የፖቶማክ ወንዝ በደን መሀል፣ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት 76 ጫማ (23 ሜትር ገደማ) ይወርዳል። ስለ ቦታው ከወዳጅ ዘመድ የምሰማው ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ የማያስፈራውን እንፈራለን፣ የሚያስፈራውን እንደፍራለን።

«እማዬ እዚያ አትችልም፣ ገደል ነው።»
በዚህ ሰበብ ስንት እናት ቤት ጠባቂ ሆና ትቀራለች! እኔ እናቴን የወሰድኳት ያለ ከዘራ መራመድ ካቃታት በኋላ ነው። በቨርጂኒያ በኩል ካሉት ሦስት መመልከቻዎች ሁለተኛውና ሦስተኛው ለዊልቸር የተመቹ ናቸው፤ ከጎብኚዎች ማዕከሉም አይርቁም። አንደኛው ግን ድንጋያማ ነው። በሜሪላንድ በኩል ደግሞ በድሮው ቦይ ዳር ያለው መንገድ ደልዳላ ነው። ከዚያ ወደ ኦልምስቴድ ደሴት የሚያሻግሩት ድልድዮች ዊልቸርም የልጅ ጋሪም ያስኬዳሉ። እናቴ መደገፊያውን ይዛ ፏፏቴውን ስታይ ጢስ ዓባይን አነሳች፤ ቶሎ እንሂድ ያለችም እሷ አልነበረችም።

«ውሃው እዚህ ጋ ዝም ብሏል፤ ልጆቹ እግራቸውን ይንከሩ።»
እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። መዋኘት ብቻ ሳይሆን እግር ማስገባትም በሕግ የተከለከለ ነው። ከላይ የረጋ የሚመስለው ውሃ ከሥሩ ሰው ይዞ የሚሄድ ጉልበት አለው። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አያድንም። ብዙዎቹ ሰለባዎች ደግሞ ለመዋኘት የገቡ አይደሉም፤ ከዳር ድንጋይ ላይ ተንሸራተው የወደቁ ናቸው። የወንዙን ጠባይ ለማወቅ በቨርጂኒያ በኩል የቆመውን የጎርፍ ምልክት እዩ። የ1936ቱ (እ.ኤ.አ.) ሙላት የደረሰበት ከሁሉም በላይ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ታዩታላችሁ።

«ቢሊ ጎትም የእግር መንገድ ነው፣ ሁላችንም እንሂድበት።»
በሜሪላንድ በኩል ያለው የዚህ መንገድ «ኤ» የሚባለው ክፍል በእጅም በእግርም ቋጥኝ የሚወጣበት ነው። ጉልበት ላላቸው ተዉት።

«ማዶውን በእግር ተሻግረን እናያለን።»
እዚያ ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግር ድልድይ የለም። በመኪና ዞሮ መሄድ ግድ ነው።

«ለአካል ጉዳተኛም ያው መክፈል ነው።»
ቋሚ የአካል ጉዳት ያለበት የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የዕድሜ ልክ ነፃ መግቢያ ካርድ ማግኘት ይችላል። ካርዱን ከመታወቂያ ጋር በሩ ላይ ካሳየ፣ በቤት መኪናው አብሮት የተሳፈረው ቤተሰብ ሁሉ ሳይከፍል ይገባል።